የሌቭል መነጽርን ለረጅም ርቀት መፈተሽና ማስተካከል

በቆቦ ሜዳ ላይ የመስኖ ቦይ የሚቀይስ ባለሙያ ከመሬቱ የሚያገኘው ቁልቁለት እጅግ ትንሽ ነው። በ1,000 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ብቻ እንዲወርድ የታቀደ ቦይ በ100 ሜትር የሚወርደው 10 ሳንቲ ሜትር ነው። የሌቭሉ፣ ማለትም የከፍታ ልዩነት የሚለካበት ባለ መነጽር መሣሪያ፣ የእይታ መስመር በ100 ሜትር ርቀት 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ የሚያጋድል ከሆነ፣ ቀያሹ 10 ሳንቲ ሜትር አወረድሁ ብሎ ያስቆፈረው ቦይ በእርግጥ የወረደው 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ውኃው ይዘገያል፤ ደለሉም በቦዩ ውስጥ ይቀራል፤ ገበሬውም ያላጠፋውን ጥፋት በየዓመቱ በአካፋ ሲጠርግ ይኖራል። ከዚህ የበለጠ ለጥ ያለ ቦይ፣ ማለትም በ5,000 ሜትር 1 ሜትር እንዲወርድ የታሰበ ከሆነ ደግሞ፣ ይኸው ስህተት ቁልቁለቱን ፈጽሞ ያጠፋዋል።

ይህ መመሪያ በወረዳ የመስኖና የተፈጥሮ ሀብት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ባለሙያዎች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና በመንገድና በሕንፃ ሥራ ሌቭል ለሚይዙ ሁሉ የተዘጋጀ ነው። የሚናገረውም በየመሥሪያ ቤቱ በብዛት ስለሚገኘው፣ በውስጡ ራሱን የሚያስተካክል ሚዛን ስላለው አውቶማቲክ ሌቭል ነው። አንባቢው ስታፍ (በነጥቡ ላይ ቆሞ በመነጽሩ የሚነበበውን ባለ ቁጥር ረጅም ዘንግ) ማንበብና የመስክ ደብተር መያዝ እንደሚችል ተቆጥሯል።

ስህተቱ ከርቀት ጋር እንዴት ያድጋል

በርቀት ላይ የሚታየው ስህተት ሁለት ምንጭ አለው፤ ሁለቱን ሳይለዩ ብሎን ማዞር ደግሞ ጥፋትን በጥፋት መተካት ነው።

የመጀመሪያው የመሣሪያው ስህተት ነው። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስቀለኛ ክር ከትክክለኛ ቦታው በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ የእይታው መስመር አግድም መሆኑ ይቀርና ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነብላል። ይህ ስህተት ከርቀቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱም እጥፍ ይሆናል። በ10 ሜትር 2 ሚሊ ሜትር የሳተ መሣሪያ በ50 ሜትር 10፣ በ100 ሜትር 20 ሚሊ ሜትር ይስታል ማለት ነው።

ሁለተኛው የመሬት ክብነትና የብርሃን መጉበጥ በአንድነት የሚፈጥሩት ነው። የእይታው መስመር ፍጹም አግድም ቢሆን እንኳ ምድር ከሥሩ እየጎበጠች ስለምትሸሽ በሩቅ ያለው ስታፍ ከሚገባው በላይ ይነበባል። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ በጥቂቱ ወደ ታች ስለሚጎብጥ ከዚህ ስህተት አንድ ሰባተኛ ያህሉን ይመልሳል። የተጣራው ስህተት በሜትር የሚገኘው በኪሎ ሜትር የተገለጸው ርቀት በራሱ ተባዝቶ ውጤቱ በ0.0673 ሲባዛ ነው። በዚህ ስሌት በ100 ሜትር 0.7 ሚሊ ሜትር፣ በ200 ሜትር 2.7፣ በ300 ሜትር 6፣ በ500 ሜትር 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ1 ኪሎ ሜትር 67 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ይህ ስህተት አራት እጥፍ እንደሚሆን ልብ ይሏል። በተለመደው የ50 እና የ60 ሜትር ንባብ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ስለዚህ በሜዳ ላይ የጎላ ስህተት ሲገኝ የምድር ክብነት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ከፍተሻው በፊት መስተካከል ያለባቸው

በመሣሪያው ላይ የሚመካኘው ስህተት ብዙ ጊዜ የስታፉ ወይም የአያያዙ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መነጽሩ ከመነካቱ በፊት ስታፉ ይመርመር። እየተሳበ የሚረዝመው የአሉሚኒየም ስታፍ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ይላላል፤ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ካልገባ ከመጋጠሚያው በላይ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል። እያንዳንዱን ክፍል ስቦ በብረት ሜትር መለካት ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። የወሎ የመረሬ አፈር በክረምት ሲርስ ከስታፉ ሥር ይለጠፋል፤ ሥሩ ካልተጠረገ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚሆን ጭቃ ተሸክሞ ሊነበብ ይችላል። ስታፉን የሚይዘው ሰውም ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት፤ በ2 ሜትር ቁመት ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጋደለ ስታፍ ንባቡን 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። በስታፉ ላይ ውኃ ልክ ከሌለ ያዡ ስታፉን ቀስ እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዘውና አንባቢው ከታየው ሁሉ ትንሹን ቁጥር ይያዝ።

ቀጥሎ ሌቭሉ በማቆሚያው ላይ ይታሰርና ክብ ውኃ ልኩ ይፈተሽ። በሦስቱ የእግር ብሎኖች አረፋው ወደ መካከል ከመጣ በኋላ መነጽሩ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዙር። አረፋው ከክቡ ከወጣ የሸሸውን ግማሽ በእግር ብሎኖቹ፣ ቀሪውን ግማሽ ደግሞ ከውኃ ልኩ ሥር ባሉት ትንንሽ ብሎኖች መመለስ፣ ከዚያም በሁሉም አቅጣጫ መሐል ላይ እስኪቀር ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል። የውስጡ ሚዛን የሚሠራው ውኃ ልኩ በሚያሳየው ጠባብ ክልል ውስጥ ብቻ ስለሆነ ይህ ሥራ የሚዘለል አይደለም።

የውስጡ ሚዛን ነጻ መሆኑን ለማወቅ በመነጽሩ ስታፍ እያዩ የማቆሚያውን አንድ እግር በጣት መታ ማድረግ በቂ ነው። ምስሉ ተርገብግቦ ወደነበረበት ቁጥር ከተመለሰ ሚዛኑ ጤነኛ ነው። ፍንክች ካላለ፣ ወይም በየጊዜው የሚያርፍበት ቁጥር የተለያየ ከሆነ፣ ሚዛኑ ተጣብቋል ወይም ተሰብሯል፤ ይህ ጥገና ቤት የሚፈታው ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይጠቅምም።

የመጨረሻው የዓይን ጉዳይ ነው። መነጽሩን ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ወረቀት አቅንቶ መስቀለኛው ክር ጥቁርና ጥርት ያለ እስኪሆን የዓይን በኩሉን ቀለበት ማዞር፣ ከዚያ ስታፉን በጎን ባለው ማዞሪያ ማጥራት፣ በመጨረሻም ዓይንን ጥቂት ከፍና ዝቅ እያደረጉ ክሩ በስታፉ ላይ የሚንሸራተት መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። የሚንሸራተት ከሆነ ከመጀመሪያው ይደገም። ሁለት ሰዎች በአንድ መሣሪያ ሁለት የተለያየ ቁጥር አንብበው የሚከራከሩት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ስለዘለሉ ነው።

በሁለት ችካል የሚደረገው ፍተሻ

ለፍተሻው ለጥ ያለ፣ መሬቱ የማይሰምጥ ቦታ ይመረጥ፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም ታጭዶ የተነሣ ማሳ ይበቃል። ሁለት ጠንካራ ችካሎች 60 ሜትር ተራርቀው በመዶሻ ይተከሉ፤ አንዱን ሀ፣ ሁለተኛውን ለ እንበላቸው። የችካሎቹ ራስ ስታፉ የሚያርፍበት አንድ ነጥብ እንዲኖረው ክብ ራስ ያለው ሚስማር ቢመታበት ይመረጣል።

ሌቭሉ በመጀመሪያ በሁለቱ ችካሎች ትክክለኛ መካከል፣ ከእያንዳንዳቸው 30 ሜትር ላይ ይተከላል። እዚህ ላይ ርቀቱ እኩል ስለሆነ መሣሪያው ምን ያህል ቢያጋድል በሁለቱም ንባብ ላይ የሚጨምረው ስህተት አንድ ነው፤ አንዱ ከሌላው ሲቀነስም ይጠፋል። የተበላሸ መሣሪያ ትክክለኛ ልዩነት ሊሰጥ የሚችልበት ብቸኛው ቦታ ይህ መሐል ነው ማለት ይቻላል። በሀ ላይ 1.482፣ በለ ላይ 1.236 ቢነበብ የሁለቱ ችካሎች እውነተኛ የከፍታ ልዩነት 0.246 ሜትር ነው፤ ለ ከሀ ከፍ ያለ ነው።

ርቀቱ እኩል መሆኑን ለማረጋገጥ ሜትር መዘርጋት ግድ አይደለም። በመስቀለኛው ክር ላይና ታች ያሉት ሁለት አጫጭር መስመሮች የሚያሳዩት ቁጥር ልዩነት በ100 ሲባዛ ርቀቱን ይሰጣል። የላይኛው 1.633፣ የታችኛው 1.333 ቢሆን ልዩነቱ 0.300 ነውና ርቀቱ 30 ሜትር ነው። የሁለቱ አማካይም ከመሐለኛው ንባብ ጋር መስማማት አለበት፤ እዚህ 1.483 ስለሚመጣ 1.482 ተብሎ ከተነበበው ጋር በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ተገናኝቷል። ካልተገናኘ ስህተቱ የአንባቢው ነው።

ከዚያ ሌቭሉ ይነሣና ከሀ ችካል በስተ ውጭ 3 ሜትር ላይ፣ በሁለቱ ችካሎች መስመር ይተከላል። አሁን ሀ በ3 ሜትር፣ ለ ደግሞ በ63 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። በሀ ላይ 1.517፣ በለ ላይ 1.283 ተነበበ እንበል። እውነተኛው ልዩነት 0.246 መሆኑ ስለታወቀ በለ ላይ ሊነበብ ይገባው የነበረው 1.517 ሲቀነስ 0.246፣ ማለትም 1.271 ነበር። የተነበበው ግን በ12 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። መስመሩ ወደ ላይ አጋድሏል፤ የሁለቱ ርቀቶች ልዩነት 60 ሜትር ስለሆነም ስህተቱ በእያንዳንዱ ሜትር 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። በመግቢያው ላይ በ100 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይስታል የተባለው መሣሪያ ይህ ነው።

ለቦይ፣ ለመንገድና ለሕንፃ ሥራ በ60 ሜትር እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለ ስህተት ሊታለፍ ይችላል። በእኔ ግምት ከዚያ በታች የሆነውን ለማረም ብሎን መነካካት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ብዙ የተዞረ ብሎን በኮሮኮንች መንገድ ላይ ቶሎ ይላላልና። የእኛ ምሳሌ ግን 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መስተካከል አለበት። ወደ ብሎኑ ከመሄድ በፊት ግን ሁለተኛው አቋቋም ቁመቱን ጥቂት ለውጦ ይደገም። ሁለቱ ውጤቶች በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ካልተገናኙ፣ እስካሁን የተለካው የመሣሪያው ስህተት መሆኑ ገና አልተረጋገጠም።

ክሩን ማስተካከል

መሣሪያው ከሀ አጠገብ ካለበት ሳይነሣ፣ ስታፉም በለ ላይ እንደቆመ ይቆይ። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ክሩ የሚደርስበት ቁጥር ነው። 1.271 ተብሎ የተገኘው ለተራ ሥራ ይበቃል፤ ጠንቃቃ ሰው ግን በሀ ላይ የተነበበውም በ3 ሜትር ውስጥ 0.6 ሚሊ ሜትር እንደሳተ አስቦ በለ ላይ ካለው 12.6 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ ክሩም 1.270 ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። በ63 ሜትር የምድር ክብነት የሚጨምረው ከ0.3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ይተው።

ማስተካከያው ብሎን በአብዛኛዎቹ ሌቭሎች ላይ በዓይን በኩል፣ ከመነጽሩ ሥር ወይም በላዩ፣ በትንሽ ክዳን ወይም በጎማ ተሸፍኖ ይገኛል። መሣሪያው ሲገዛ በሣጥኑ ውስጥ የሚመጣው ቀጭን ዘንግ ወይም ትንሽ ብሩጎላ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ያልሆነ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ያበላሸዋል። ስታፉን በመነጽሩ እያዩ ብሎኑን ከሩብ ዙር ባነሰ መጠን ማዞር፣ እጅን ማንሣት፣ ምስሉ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያ ማንበብ ነው። ክሩ ወደማይፈለገው አቅጣጫ ከሄደ በተቃራኒው ይዞራል። ላይና ታች ሁለት ብሎኖች ያሉት መሣሪያ ከሆነ አንደኛው ሳይላላ ሁለተኛው አይጠብቅም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማጥበቅ ክሩ የተቀረጸበትን መስታወት ሊሰነጥቀው ይችላል። በመጨረሻ ብሎኑ በጣት ኃይል ያህል ጠበቅ ብሎ መቅረት አለበት።

ክሩ በተፈለገው ቁጥር ላይ ካረፈ በኋላ ሥራው አላለቀም። ሌቭሉ ተነሥቶ ፍተሻው ከመጀመሪያው፣ ከመካከለኛው አቋቋም ጀምሮ ይደገማል። አንድ ጊዜ ብቻ ተስተካክሎ በትክክል የሚገኝ መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ሁለተኛ ዙር ሊያስፈልግ ይችላል። የመጨረሻው ውጤት ከቀኑና ከመሣሪያው ቁጥር ጋር በደብተር ይጻፍ፤ ከወራት በኋላ ስህተቱ ተመልሶ ሲያድግ ማወቅ የሚቻለው በዚያ ነው። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተጭኖ ወይም በበቅሎ ቁልቁለት ወርዶ የመጣ መሣሪያ፣ ባይወድቅም እንኳ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንደገና መፈተሽ አለበት።

ለእርከን ሥራ በክር ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሽ ውኃ ልክ የሚጠቀሙ ወገኖችም ይኸው አሠራር በሌላ መልክ ይጠቅማቸዋል። ሁለቱን ዘንጎች ሳያንቀሳቅሱ ውኃ ልኩን ከክሩ አውልቆ ፊቱን አዙሮ መልሶ መስቀል ነው፤ አረፋው ወደተለየ ቦታ ከሄደ ውኃ ልኩ የተዛባ ነው፤ እውነተኛው አግድም የሁለቱ መሐል ነው።

ዳገት ላይ

የተስተካከለ መሣሪያም ቢሆን ጥቂት ስህተት ይቀረዋል፤ ይህን የሚያጠፋው ከሌቭሉ ወደ ኋላ ወዳለው ስታፍና ወደ ፊት ወዳለው ስታፍ የሚነበበውን ርቀት እኩል ማድረግ ነው። በሜዳ ላይ ይህ ቀላል ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንደሚያወጣው ባለ ዳገት ላይ ግን መሬቱ ራሱ አይፈቅድም። ሌቭሉ ከመሬት 1.5 ሜትር፣ ስታፉ 4 ሜትር ቢሆን፣ በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ እስከ 25 ሜትር ማየት ሲቻል ወደ ፊት ግን መስመሩ ቶሎ ከስታፉ ሥር ስለሚደርስ ከ15 ሜትር አይታለፍም። ስለዚህ በእያንዳንዱ አቋቋም 10 ሜትር የሚያህል ልዩነት ይፈጠራል፤ ልዩነቱም ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል። በሜትር 0.2 ሚሊ ሜትር የሚስት መሣሪያ በአንድ አቋቋም 2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ በአንድ አቋቋም የሚወጣው ከፍታ 4 ሜትር ያህል ነውና 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 25 ጊዜ መትከል ይጠይቃል። ድምሩ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከምንጭ ወደ መንደር ቧንቧ ለሚዘረጋ ሰው ይህ ጉዳት ላያመጣ ይችላል፤ በሁለት ጫፍ ተጀምሮ መሐል ላይ ለሚገናኝ ቦይ ግን ብዙ ነው።

መፍትሔው ሌቭሉን በመስመሩ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ጎኑን ይዞ መትከልና በጠመዝማዛ መውጣት፣ ወይም ወደ ኋላ የሚነበበውን ርቀት ሆን ብሎ ማሳጠር ነው። ሁለተኛው የአቋቋሙን ቁጥር ያበዛል፤ ጊዜ ያለው ሰው ግን እሱን ቢመርጥ ይሻላል።

በቆቦ፣ በሐርቡና በባቲ ቆላ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ችግር ያመጣል። ፀሐይ ስትጠነክር ከመሬቱ የሚነሣው ሞቃት አየር ስታፉን ያንቀጠቅጠዋል፤ በ60 ሜትር ሚሊ ሜትር ለመለየትም ያስቸግራል። ረጅም ንባብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሠራ፣ መስመሩም በመንገዱ ሁሉ ከመሬት ከግማሽ ሜትር በታች እንዳያልፍ ቢደረግ፣ መሣሪያውም በጃንጥላ ቢጠለል ጥሩ ነው።

ወንዝ ማዶ ማንበብ

ቦርከናን ወይም አላ ውኃን ተሻግሮ ከፍታ ማሳለፍ ሲያስፈልግ ሌቭሉን መካከል ላይ መትከል አይቻልም። በዚህ ጊዜ ችካል ሀ በአንዱ ዳር፣ ችካል ለ በማዶው ዳር ይተከሉና ከሁለቱም ዳር ይነበባል። መጀመሪያ ሌቭሉ በሀ ዳር፣ ከሀ ችካል አጠገብ ይተከልና ሁለቱም ስታፎች ይነበባሉ፤ ከዚያ ሌቭሉ ተሻግሮ በለ አጠገብ በተመሳሳይ ርቀት ተተክሎ እንደገና ሁለቱም ይነበባሉ። የሩቁ ስታፍ ከአንድ ጊዜ በላይ ይነበብና አማካዩ ይያዝ።

ከሀ ዳር በሀ 1.345፣ ማዶ በለ 2.107 ቢነበብ ልዩነቱ 0.762 ነው። ከለ ዳር በሀ 0.918፣ በለ 1.642 ቢነበብ ልዩነቱ 0.724 ይሆናል። እውነተኛው የሁለቱ አማካይ 0.743 ሜትር ነው፤ ለ ከሀ ዝቅ ይላል። የመሣሪያው ማጋደልም የምድር ክብነትም በአንዱ በኩል የጨመሩትን ያህል በሌላው በኩል ስለሚቀንሱ በአማካዩ ውስጥ ይጠፋሉ። የብርሃን መጉበጥ ግን ከአየሩ ሁኔታ ጋር ስለሚለዋወጥ ሁለቱ ንባቦች በተቻለ መጠን ሳይዘገዩ ተከታትለው መደረግ አለባቸው፤ ሁለት የተፈተሹ ሌቭሎች ካሉ በሁለቱም ዳር በአንድ ጊዜ አንብቦ ከዚያ መሣሪያዎቹን አለዋውጦ መድገም ይመረጣል።

ከዚሁ ንባብ የመሣሪያውን ሁኔታም ማወቅ ይቻላል። በእያንዳንዱ ዳር ያለው ስህተት የሁለቱ ልዩነቶች ልዩነት ግማሽ፣ ማለትም 19 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለው ርቀት 220 ሜትር ከሆነ የምድር ክብነትና የብርሃን መጉበጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህሉን ይወስዳሉ፤ የቀረው 16 ሚሊ ሜትር የክሩ ነው። ይህ ለ60 ሜትር ሲሰላ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል፤ ከሚታለፈው 3 ሚሊ ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥም ሌቭሉ ለሌላ ሥራ ከመውጣቱ በፊት በሁለት ችካል ተፈትሾ ክሩ ይስተካከል።